የጎበጠ ዘንግ ውለታ

የሹፌሩ እናት ከሰዓት በኋላ ወደ ብየዳ ቤቱ የሄደችው ለልጇ ምሳ ላድርስ ብላ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ምሳው ሰበብ ነበር። ልጇ በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ሲሚንቶ ጭኖ፣ ሰባት መዞሪያ ያለውን ቁልቁለት ሊወርድ ተዘጋጅቷል። መኪናው ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት እየተንገዳገደ የገባ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የበር መንጓጓት እንኳ ያስደነግጣት ጀምሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጭነት መኪና ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዝ፣ እንደ አካፋ እጀታ የወፈረ ረጅም የብረት ዘንግ አለው። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ጎማዎቹ እኩል የሚዞሩት በዚህ ዘንግ ነው። የልጇ መኪና ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ይህ ዘንግ እንደ ቀስት ጎበጠ፤ ጎማዎቹም እንደ ሸፋፋ እግር ወደ ውስጥ ዞሩ። ልጁ መኪናውን በሰው እርምጃ እየነዳ፣ ሰው ሁሉ እየሳቀበት ሰፈር ደረሰ።

የብየዳ ቤቱ ባለቤት የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። የተሰበረ ነገር ባሳዩዋቸው ቁጥር ገና ሳይጨርሱላቸው “ይበየድ!” ስለሚሉ ሰፈሩ “አባ ይበየድ” ብሎ ሰየማቸው፤ እሳቸውም ስሙን ወደዱት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የስንቱን በር፣ የስንቱን አልጋ፣ የስንቱን ጋሪ አቁመዋል። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ነውና የራሳቸው ቤት መስኮት ግን እስከ ዛሬ በሽቦ ታስሮ ነው የሚዘጋው።

እናትየዋ ስትገባ መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሟል። ከፊቱ ሥር የልጇ ሁለት እግሮች ብቻ ይታያሉ። ጣራው በጭስ የጠቆረው ጠባብ ክፍል ውስጥ አባ ይበየድ ጭንብላቸውን አድርገው ይበይዳሉ።

“መጣሽ እቱ?” አሉ ጭንብሉን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። “በይ ደስ ይበልሽ። ለልጅሽ ዝሆን ቢቆምበት የማይነቃነቅ ዘንግ ሠርቼለታለሁ። አንዱ ተገጥሞለታል። ይሄ ሁለተኛው ደግሞ መጠባበቂያ ነው፤ ለክፉ ቀን ይያዘው።”

“እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ግን… ጥሩ ነው?”

“ጥሩ ነው ወይ? ቆይ ራሱ ይንገርሽ!” አሉና ከበርሜሉ በጣሳ ውሃ ቀድተው ገና ፍም በመሰለው ብየዳ ላይ አፈሰሱበት። ብረቱ ሽሽሽ ብሎ ጮኸ፤ እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። “ሰማሽ? እንዲህ ሲጮህ ጸና ማለት ነው።”

በዚህ ጊዜ አንዲት ወጣት በጋሪ ላይ እግራቸው የተሰበረ አራት የተማሪ ወንበሮች ጭና በሩ ላይ ደረሰች። በሙያ ትምህርት ቤቱ የብረታ ብረት ክፍል አስተማሪ ናት። ወንበሮቹን ለማስበየድ እንጂ ለክርክር አልመጣችም ነበር።

“ጤና ይስጥልኝ ጋሼ።”

“ጤና ይስጥልን አስተማሪዋ! ዛሬ ደግሞ ስንት ሰበሩልሽ?”

“አራት ብቻ። ተማሪው ያድጋል፣ ወንበሩ አያድግም፤ ምን ይሁኑ ብለው ነው?” ብላ ሳቀችና ዓይኗ እንፋሎት በሚተፋው ዘንግ ላይ ዐረፈ። ሳቋ እዚያው ቀረ። “ይቅርታ ጋሼ፤ ይሄ ለመኪና መሪ ነው?”

“ለመሪ ነው። ምነው?”

“ውሃ ያፈሰሱበት ለምንድን ነው?”

“እንዲጸና ነዋ! ትምህርት ቤት ይህን አያስተምሯችሁም?”

አስተማሪዋ ጋሪዋን አቁማ፣ ጫማዋን ደጃፍ ላይ ባለው ጆንያ ጠራርጋ ገባች። ነገሩን በአክብሮት እንዴት እንደምትጀምረው ስታስብ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ለተማረ ሰው ትልቁ ፈተና ያወቀውን መናገር አይደለም፤ ያወቀውን ለታላቁ ሳያዋርድ መናገር ነው።

“ጋሼ፣ ከየትኛው ብረት እንደሠሩት ቢነግሩኝ?”

“ይኸውልሽ። የአሮጌ መኪና የኋላ ጎማ ማዞሪያ ዘንግ ነው፤ መጋዝ የማይበላው፣ ሞረድ የሚያንሸራትት ብረት። ጫፍና ጫፉን ከውድቅዳቂ ዘንግ ቆርጬ በየድኩበት። የፋብሪካውን አየሽው?” አሉና ወደ በሩ ጠቆሙ። ጎባጣው ዘንግ በሩ ላይ በምስማር ተሰቅሏል፤ የሚገባ ሁሉ እያየ እንዲስቅ አባ ይበየድ ራሳቸው የሰቀሉት ነው። “አንድ ጉድጓድ እንዲህ እንደ ሽቦ አጎበጠው! እሱን ነው በስንት ገንዘብ የሚሸጡልን። የእኔን ጉድጓዱ ራሱ ይፈራዋል!”

“የእርስዎ ብረት ከፋብሪካው ይልቅ ደረቅ መሆኑን አልክድም” አለች አስተማሪዋ። “ግን ድርቀትና ጥንካሬ አንድ አይደሉም። ብርጭቆን በጥፍራችን ብንቧጥጠው አይጫርም፤ ከጠረጴዛ ላይ ሲወድቅስ?”

“አሁን የእኔን ዘንግ ከብርጭቆ ጋር ልታወዳድሪ ነው?”

“አይቆጡኝ ጋሼ።”

“አልተቆጣሁም። ቀጥዪ፤ ለዛ አለሽ።”

እናትየዋ የምሳውን ሳህን እንደያዘች ቀረች። ብረትን ከብረት ለይታ አታውቅም። ያወቀችው አንድ ነገር ቢኖር ከሁለቱ አንዳቸው እንደተሳሳቱ፣ የስህተቱም ዋጋ የሚከፈለው በልጇ እንደሆነ ነው።

“አስተማሪዋ” አለች ወደ ወጣቷ ዞራ፤ “ነገ ንጋት ላይ ልጄ በዚህ መኪና ቁልቁለት ይወርዳል። እኔ ያልተማርኩ ነኝ። በሚገባኝ ቋንቋ ንገሪኝ፤ ይሂድ ወይስ ይቅር?”

አባ ይበየድ ከአስተማሪዋ ቀድመው መለሱ።

“ምን ጥያቄ ነው ይሄ! ባይሄድ ጭነቱ ለሌላ መኪና ይሰጣል። የፋብሪካውን ዘንግ ልግዛ ብትዪ ዋናው ፋብሪካ የሠራው ዋጋው ሁለት አዲስ የፊት ጎማ ይገዛል። ሌሎች ፋብሪካዎች አስመስለው የሚሠሩት አለ፤ እሱም የአንድ ጎማ ግማሽ ዋጋ ነው። የእኔ ነፃ ነው! ለወንድሜ ልጅ ብዬ ነው።”

“ነፃ ነው?” አለች አስተማሪዋ። “እስቲ ከፈቀዱልኝ ነፃውን እንመልከተው። ብረቱን ከየት አመጡት?”

“ከውድቅዳቂ ሻጭ። እሱ ያው… ትንሽ ነገር ወስዷል።”

“ጫፎቹንስ?”

“እነሱንም ከእሱ።”

“እየቀለጠ የሚያጣብቀው የብየዳ ሽቦስ?”

“ለሁለቱ አንድ ፓኮ ተኩል።”

“መቁረጫ ድንጋይስ?”

“ሦስት… አራት ጨረሰብኝ። ነግሬሽ የለ፤ ደረቅ ነው።”

“መኪናው ስንት ቀን ቆመ?”

“ሦስት ቀን” አለ ከመኪናው ሥር የልጁ ድምፅ፤ ሁሉንም ይሰማ ኖሯል። “ሁለት ጭነት አመለጠኝ።”

እናትየዋ በጣቷ ትቆጥር ጀመር። የማንበብ ትምህርት የጀመረችው በዚህ ዓመት ቢሆንም ሒሳብ ከልጅነቷ ጀምሮ አይጠፋትም። “ጋሼ” አለች ቀስ ብላ፤ “የቆመባቸውን ቀናት ትተን ዕቃውን ብቻ ብንደምር እንኳ ከግማሽ ጎማው ዋጋ የሚጎድለው ጥቂት ነው እኮ። የእርስዎ የሁለት ቀን ድካም አልገባበትም።”

“ለእኔ ድካም አታስቢ።”

“እንዴት አላስብም? ጀርባዎን ሲያምዎት የማሸው እኔ አይደለሁ?”

አባ ይበየድ ሳቁ፤ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በእጃችን የሠራነውን ነገር ዋጋ እንደሌለው እንቆጥራለን፤ ጉልበታችንን፣ ጊዜያችንን፣ ሥራ ፈቶ የቆመውን ንብረታችንን ከሒሳብ እናወጣና “ነፃ” እንላለን። ነፃ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ወጪ ነው።

ሽማግሌው ግን በዚህ የሚረቱ አልነበሩም። “ደግ” አሉ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፤ “ዋጋው ተቀራረበ እንበል። አምና የጎረቤታችን ሹፌር ያንን አስመስለው የሠሩትን ዘንግ የግማሽ ጎማ ዋጋ ከፍሎ ገዛ። ካርቶኑ ወርቃማ፣ ብረቱ የሙሽራ ቀለበት መስሎ የሚያብለጨልጭ! ሁለት ወር አልቆየም፤ ጫፉ ላይ እንደ ጉልበት የምትተጣጠፈው ኳስ ከማቀፊያዋ ወጣች። ይህን ምን ትዪዋለሽ?”

“እውነትዎን ነው እላለሁ” አለች አስተማሪዋ። “ገበያው ውስጥ ውሸት ሞልቷል። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት ለትምህርት ቤቱ ካርቶን አምኜ ገዝቼ አፍሬያለሁ። ተማሪዎቼ ፊት በመጋዝ ስቆርጠው እንደ አይብ ሄደልኝ።”

“ኧረ!”

“አዎ ጋሼ። በዚያ ቀን እርስዎ አብረውኝ ቢሆኑ ኖሮ በሞረድዎ አንድ ጊዜ ነክተው ‘ተዪው ልጄ’ ይሉኝ ነበር። መጥፎ ዕቃ ገበያ ላይ መኖሩ ግን በጎውን እንድንመርጥ ያስገድደናል እንጂ የእኛን ብየዳ አያጠነክረውም።”

“እንግዲያው ስሚኝ!” አሉ አባ ይበየድ ተነሥተው። “ነገ ከልጁ አጠገብ እኔ ራሴ እሳፈራለሁ! ቁልቁለቱን አብሬው እወርዳለሁ! ከዚህ የበለጠ ምን ማረጋገጫ አለ?”

“ጋሼ፣ እርስዎ መሳፈርዎ ብረቱን ምን ይጠቅመዋል? የሚያለቅስልዎ ሰው ይጨምራል እንጂ።”

“አቤት ምላስ!” አለ ልጁ ከመኪናው ሥር።

እናትየዋ ሳህኑን ወንበሮቹ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ዓይኗን ወደ ልጇ እግሮች መለሰች። አስተማሪዋ ይህን አየችና ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ብየዳን ውሃ ማጠጣት ከማን ተማሩ?”

“ከአባቴ” አሉ፤ ፊታቸው ለሰለሰ። “አባቴ መጥረቢያ ሠሪ ነበሩ። ውሃ ያልጠጣ መጥረቢያ ለሰው ሰጥተው አያውቁም። ሀገሩ ሁሉ የእሳቸውን መጥረቢያ ነበር የሚፈልገው።”

“አባትዎ ልክ ነበሩ። መጥረቢያውን መላውን ነበር ውሃ የሚያጠጡት?”

“ኧረ አይደለም! ስለቱን ብቻ ነው። ሁለት ጣት ያህል ነከር፣ ከዚያ ወጣ።”

“ማኅሉንስ ለምን አያጠጡትም?”

“ማኅሉ ውሃ ከጠጣማ ግንዱን ሲመቱበት ለሁለት ይ…”

አባ ይበየድ ቃሉን ሳይጨርሱ ወደ ውሃው በርሜል ዞረው አዩ። 

“ይሰነጠቃል” ብላ አስተማሪዋ በቀስታ ጨረሰችላቸው። “በትምህርት ቤት የምንለውም እሱኑ ነው። እንዲህ ያለው ብረት ካርቦን የሚሉት ነገር በዛ ብሎ አለበት። ግሎ ሳለ ድንገት ውሃ ሲያገኝ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ስለት ይይዛል፣ ዱላ ግን አይችልም። ለመቁረጫ የተባረከ ነው። የመሪ ዘንግ ግን አይቆርጥም ጋሼ፤ ዱላ ሲቀበል ይውላል እንጂ።”

ሠላሳ አራት ዓመት የሠሩበትን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ መልቀቅ ለማንም ቀላል አይደለም። ሽማግሌው ጓንታቸውን አጠለቁ።

“ወሬ ይብቃ” አሉ። “አንተ፣ ከዚያ ውጣ! የፋብሪካውንና መጠባበቂያዬን በየተራ በብረት መንከሻው፣ በሞርሳው ላይ እንሰርና ብረቱ ራሱ ይፍረድ።”

ልጁ ግሪስ የተቀባ ፊቱን ይዞ ወጣ። ከበሩ ላይ ጎባጣውን የፋብሪካ ዘንግ አወረዱና አንድ ጫፉን ከወፍራሙ ጠረጴዛ ጋር በተያያዘው ሞርሳ አጥብቀው አሰሩት። በሌላው ጫፉ ረጅም ቱቦ አጠለቁበትና ልጁ ተንጠለጠለበት። ዘንጉ እያቃሰተ የባሰ ጎበጠ። ልጁ እግሮቹ ከመሬት ተነሥተው ሲወዛወዙ አባ ይበየድ ሳቁ።

“አያችሁት? አንድ ልጅ የሚያጎብጠው ዘንግ!”

ቀጥሎ የራሳቸውን አሰሩ። ልጁ ተንጠለጠለ፤ ዘንጉ ንቅንቅ አላለም። አባ ይበየድም ራሳቸው ተጨመሩ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ተንጠለጠሉ፤ አሁንም የለም። ሽማግሌው እያለከለኩ ወረዱና ደረታቸውን ነፉ። እናትየዋም ትንፋሿን ለቀቀች፤ ለአፍታ ያህል ዓለም ተስተካከለች። ‘የተማሩ ሰዎች ነገር ያበዛሉ’ ብላ አሰበች።

“ቀስ ብሎ ለሚስብ ሰው እሺ” አለች አስተማሪዋ። “ጉድጓድ ግን ቀስ አይልም። እስቲ በመዶሻ።”

“በለው!” አሉ አባ ይበየድ።

ልጁ ትልቁን መዶሻ አነሣና አሳረፈበት። ዘንጉ እንደ ደወል ጮኸ። ሽማግሌው ሳቅ አሉ። ልጁ ሁለተኛ አነሣ።

ጧ! አለ። የዘንጉ ግማሽ በረረና ከበርሜሉ ጋር ተላተመ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተንከባለለና እናትየዋ እግር ሥር ቆመ። የተሰበረው ልክ ከብየዳው አጠገብ፣ ውሃው ባረፈበት ቦታ ነበር።

አባ ይበየድ ጎንበስ ብለው ስብራቱን አነሡና መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ስብራቱ እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ሆኖ ያብረቀርቃል። የመጎተት፣ የመጎበጥ፣ የመታገል ምልክት የለበትም። አንድ ጊዜ አለ፤ አንድ ጊዜ የለም።

“ወንድሜ” አለች አስተማሪዋ ወደ ሹፌሩ ዞራ፤ “ያን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ስትገባ ምን ተሰማህ?”

“መሪው ወደ ግራ ተጠመዘዘብኝ፤ መኪናው ወደ ጎን ሊስበኝ ጀመረ። አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባኝና ዳር ያዝኩ።”

“መሪው ግን በእጅህ ነበር?”

“በእጄ ነበር።”

“ዘንጉ ያን ቀን ጎብጦ ‘ተበላሽቻለሁ፣ ቁም’ አለህ። ፋብሪካው ሲሠራው ከመሰበር ይልቅ መጎበጥ እንዲቀናው አስቦበት ነው። ዱላውን ራሱ ተቀበለና ጎማዎቹ እንደተያያዙ እቤትህ አደረሰህ። ይሄኛው ቢሆን ኖሮ…” አለችና የተሰበረውን አየች፤ አልጨረሰችውም።

እናትየዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ ሲስቅበት፣ እሷም አብራ ስትስቅበት የሰነበተችው ጎባጣ ብረት ልጇን ተሸክሞ ያመጣላት ኖሯል። የማይጎብጥ ዛፍ ነፋስ ይገነድሰዋል ሲሉ ትሰማ ነበር፤ ብረትም እንዲሁ መሆኑን ግን ማንም አልነገራትም።

“ይሄ ሁለተኛው እኮ” አሉ አባ ይበየድ ዓይናቸውን ከስብራቱ ሳያነሡ፤ “በችኮላ የሠራሁት ነው። የመጀመሪያው፣ መኪናው ላይ ያለው፣ ጥሩ አድርጌ ነው የበየድኩት።”

እናትየዋ ወደ እሳቸው ቀረበች። በዚህ ቤት ውስጥ ከዚያ ቀን በፊት ድምፅዋን ለሽማግሌው ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ አሁንም ከፍ አላደረገችውም።

“ጋሼ፣ ያኛውንስ ውሃ አጠጥተውታል?”

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት፤ እንደገና አወለቁት።

“አጠጥቼዋለሁ” አሉ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። አባ ይበየድ መፍቻቸውን አነሡ፤ ልጁ “እኔ ልፍታው” ቢላቸው “የገጠምኩት እኔ ነኝ” አሉና በዚያ ዕድሜያቸው በጀርባቸው ተኝተው ከመኪናው ሥር ገቡ። ዘንጉን ፈትተው ሲወጡ ለእናትየዋ ሰጧት። ከበዳት። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ለባለ ሲሚንቶው ደወለና ነገ እንደማይመጣ ነገረው። ሰውዬው እየተቆጣ ጭነቱን ለሌላ ሰጠ።

እናትየዋ መረጋጋት ነበረባት። ግን አንዲት ሐሳብ እንደ እሾኽ ወጋቻት።

“ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ዘንግ ለስንት ሰው ሠርተዋል?”

አባ ይበየድ ቆጠሩ። በጣታቸው ቆጠሩ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩ። “ስድስት” አሉ። “አይ፣ ሰባት።”

“እነሱም እናት አላቸው” አለች።

ሽማግሌው ስልካቸውን አወጡ። ቁጥሮቹን አስተማሪዋ እየፈለገች ትደውላለች፤ እሳቸው ይናገራሉ። “ሄሎ? አባ ይበየድ ነኝ። የት ነህ? ጭነሃል? ስማኝ፣ ዳር ያዝና ቁም። አዎ፣ አሁን። የሠራሁልህ ዘንግ… ተሳስቻለሁ። አልቀለድኩም። ተሳስቻለሁ አልኩህ!” የመጀመሪያው ሹፌር ሳቀባቸው። ሁለተኛው ሰደባቸው። ሦስተኛው መኪናውን ከሸጠ ቆይቷልና የገዢውን ስልክ ሰጣቸው፤ ለገዢው ደወሉ። ሰባተኛው አላነሣም። እናትየዋ ከጎናቸው ተቀምጣ “ይድገሙት” ትላለች፤ ይደግሙታል። ቀኑ ሲመሽ አነሣ፤ ሰውዬው ተኝቶ ነበር። “ተሳስቻለሁ” የሚለው ቃል ለሰባተኛ ጊዜ ሲወጣ ከመጀመሪያው ይልቅ የቀለላቸው መሰለ።

በማግስቱ ሦስቱ አብረው መለዋወጫ መሸጫዎቹ ዘንድ ሄዱ፤ እናትየዋ፣ አባ ይበየድና አስተማሪዋ። እዚያ ደግሞ ተራው ተገለበጠ። አስተማሪዋ ስለ ብረት ዓይነት ታውቃለች፤ የሽማግሌውን ዓይን ግን አልታደለችም። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ሱቅ ዘንግ አነሡ፤ የጫፉን ኳስ በአውራ ጣታቸው አንቀሳቀሱና “ይሄ ከመሸጡ በፊት አርጅቷል” ብለው መለሱት። ሁለተኛው ላይ የፋብሪካው ቁጥር በካርቶኑ ላይ አለ፤ ብረቱ ላይ ግን የለም። “የሰው ስም በፊቱ ላይ አይጻፍም፤ የብረት ስም ግን በራሱ ላይ እንጂ በልብሱ ላይ አይጻፍም” አሉና ሻጩን አሳቁት። በሦስተኛው ሱቅ ቁጥሩ ብረቱ ላይ በደንብ ተቀርጿል፤ ኳሷ ጠበቅ ብላ በልኳ ትዞራለች፤ የግሪስ መሸፈኛ ጎማዋ ለስላሳና ያልተሰነጠቀች ናት፤ ሻጩም ቢበላሽ እንደሚቀይር ደረሰኝ ላይ ጻፈ። የዋናው ፋብሪካ ሥራ አልነበረም፤ ዋጋውም የጎማ ግማሽ ነበር። እናትየዋ ደረሰኙን ተቀብላ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች አነበበችና አጣጥፋ ያዘችው።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን ጥቅም ሰፈሩ ራሱ ይመሰክራል። ሰባቱ ሹፌሮች ዘንጋቸውን በየፊናቸው ከመግዛት ይልቅ ከአንድ ሻጭ በአንድ ላይ ስለገዙ ዋጋው ተቀነሰላቸው። አባ ይበየድም ሥራ አልፈቱም። የመኪና ወለል፣ የጭነት አጥር፣ መወጣጫ፣ የመቀመጫ እግር፣ ቢሰበር ሹፌሩን ከማናደድ በቀር ሰው የማይገድል ነገር ሁሉ አሁንም በእጃቸው ይሠራል፤ ከገበያውም ይረክሳል፣ ይበልጣልም። ከመሪው እስከ ጎማው፣ ከፍሬኑ እስከ ጎማው ያለውን ግን ይገዛሉ እንጂ አይበይዱም። አዲስ ዘንግ ሲገጥሙ የፊት ጎማዎቹን በተወጠረ ክር እየለኩ ያስተካክላሉና በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ ይገዙ የነበሩ ሹፌሮች በዓመት አንድ ጊዜ ይገዙ ጀመር። የዘንጉ ዋጋ በዚያ ብቻ ተመለሰ። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ሽማግሌው ወደ ሙያ ትምህርት ቤቱ ይሄዳሉ። ሞረድ እንዴት እንደሚናገር እሳቸው ለተማሪዎቹ ያሳያሉ፤ ብየዳ ለምን ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ እንዳለበት አስተማሪዋ ትነግራቸዋለች።

አንድ ቀን እናትየዋ ለልጇ ምሳ ይዛ ስትመጣ አንድ ባለ መኪና የተጣመመ የመሪ ዘንግ በትከሻው ተሸክሞ ገባ።

“አባ ይበየድ፣ ይህችን ቶሎ በየድ በየድ አድርገው ይስጡኝ።”

“አልበይዳትም” አሉ ሽማግሌው። “አዲስ ግዛ። የት እንደምትገዛ፣ ምን አይተህ እንደምትገዛ እኔ አሳይሃለሁ። ከፈለግህም አብሬህ እሄዳለሁ።”

“ኧረ ጋሼ! እርስዎም እንደ ሱቅ ሰው ሆኑ? አዲሱ ስንት እንደሆነ ያውቃሉ?”

ሽማግሌው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ እናትየዋ ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ሰውዬው ዞረች።

“የእኔ ወንድም፣ ልጅ አለህ?”

“አለኝ።”

“ስንት ዓመቱ ነው?”

“አራት። ምነው?”

እናትየዋ አዲስ ከተበየዱት የአስተማሪዋ ወንበሮች አንዱን በእግሯ ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

“ተቀመጥ” አለችው። “ጋሼ ሲነግሩህ ጊዜ ይወስዳል።”